ደጅ መሳለምና ደጅ መጥናት

በእኛ አገር ደጅ የሚቆም ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተሳላሚ ነው። ከሩቅ ተነሥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ መድረኩን ይስማል፤ በልቡ ያለውን ሁሉ፣ ኃጢአቱንም ጭምር፣ ሳይደብቅ ይናገራል። ሌላው ደጅ ጠኚ ነው። ከጌታ ወይም ከሹም በር ላይ ቀን እየቆጠረ ይቆማል፤ ሲጠሩት የሚናገረውን አስቀድሞ ያሳምራል፤ የሚያስቆጣውን ትቶ የሚያስደስተውን ይመርጣል። ሁለቱም ዝቅ ብለዋል፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ልዩነታቸው አይታይም። ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ የካቶሊክ ጳጳሳት በየጊዜው ወደ ሮም የሚያደርጉት ይፋዊ ንግደት ነው። ስሙ በላቲን አድ ሊሚና አፖስቶሎሩም ይባላል፤ ትርጉሙ «ወደ ሐዋርያት ደጃፍ» ነው። የማቀርበው ክርክር አንድ ነው፦ ይህ ጉዞ ለቤተ ክርስቲያን የሚጠቅመው ደጅ መሳለም ሆኖ እስከ ዘለቀ ድረስ ነው። ወደ ደጅ ጥናት የተለወጠ ዕለት ተጓዡ ሮም ይደርሳል፣ እውነቱ ግን አገር ቤት ይቀራል።

ሥርዓቱን ለማያውቅ አድማጭ በአጭሩ ላስረዳ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግ በአንቀጽ 399 እና 400 እንደሚያዝዘው፣ ሀገረ ስብከት የሚመሩ ጳጳስ በየ5 ዓመቱ የሀገረ ስብከታቸውን ሁኔታ የሚገልጽ ዘገባ በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ ዘገባ በሚያቀርቡበትም ዓመት ሮም ወርደው የቅዱስ ጴጥሮስንና የቅዱስ ጳውሎስን መቃብር ይሳለማሉ፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ፊት ይቀርባሉ። የምሥራቅ ሥርዓት ለሚከተሉት የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት በ1990 የወጣው ሕግም ለዚሁ ጉዳይ የራሱ ድንጋጌ አለው። ጳጳሳቱ በየአገራቸው ወይም በየአካባቢያቸው ተሰባስበው ይመጣሉ፤ ቆይታቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካና ከጥንቱ የከተማ ቅጥር ውጭ ባለው በቅዱስ ጳውሎስ ባዚሊካ ይቀድሳሉ። ከዚያ ቢሮ ለቢሮ ይዞራሉ፦ የእምነት ትምህርትን፣ የካህናትን ጉዳይ፣ ሥርዓተ አምልኮን፣ የጳጳሳትን ሹመት የሚከታተሉት የቫቲካን መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው ተቀብለው ያነጋግሯቸዋል። ልብ በሉ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ መቃብርም ቢሮም አለ። የነገሩ ክብርም ችግርም የሚመነጨው ከዚህ ጥምረት ነው።

ጥምረቱ አዲስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ ከተጠራ ከሦስት ዓመት በኋላ ኬፋን፣ ማለትም ጴጥሮስን፣ ሊያይ ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ወጣና ከእርሱ ዘንድ 15 ቀን እንደ ተቀመጠ ይናገራል። የካቶሊክ ሊቃውንት የዚህን ንግደት ሥር የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የዚያው መልእክት ቀጣዩ ምዕራፍ ነው፤ ያው ጳውሎስ፣ ያንኑ ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃወመው። እንግዲህ ሄዶ አብሮ መቀመጡ አንደበቱን አላሰረውም። ምናልባትም 15 ቀን አብረው ባይከርሙ ኖሮ ያን የመሰለ ቃል ሳይለያዩ መነጋገር ይከብዳቸው ነበር። በኋላ ዘመን የሮም ሊቃነ ጳጳሳት በቅርብ ያሉትን ጳጳሳት በየጊዜው ይጠሩ ጀመር። ታላቁ ሊዮ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሲሲሊያ ጳጳሳት በየዓመቱ ከመካከላቸው ሦስት ወደ ሮም ሲኖዶስ እንዲልኩ አዘዘ። ታላቁ ጎርጎርዮስ ደግሞ መንገዱ አድካሚ መሆኑን አይቶ፣ በእርሱ ዘመን በየሦስት ዓመቱ ይደረግ የነበረውን የሲሲሊያውያኑን ጉዞ ወደ አምስት ዓመት አራዘመላቸው። በ743 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዘካርያስ ዘመን የተሰበሰበው የሮም ሲኖዶስ ለሮም ቅርብ የሆኑ ጳጳሳት በየዓመቱ እንዲመጡ ወሰነ። ለዓለም ሁሉ የሚሠራ ወጥ ሕግ የወጣው ግን ዘግይቶ፣ በዲሴምበር 1585 ነው፤ ሲክስቶስ 5ኛ እንደ አገሩ ርቀት ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ቀጠሮ ቆረጡ፤ ከጉዞውም ጋር ዘገባውን አያያዙ። በ1909 ፒዮስ 10ኛ ዘገባው በየ5 ዓመቱ እንዲቀርብ ደነገጉ፤ የዛሬው ሥርዓት መሠረት እርሱ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ስግደቱ ከዘገባው በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድም ነው። ወረቀቱ በንግደቱ ላይ ተጨመረ እንጂ ንግደቱ ለወረቀቱ አልተፈጠረም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚሁ ይነሣል። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ «አለቃ ዘንድ ሄዶ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው የበታች ሹም ነው፤ ጳጳሱም የሮም የወረዳ አስተዳዳሪ መሆኑ ነው።» ይህ ቀላል ክስ አይደለም። በ1870 የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ሙሉ ሥልጣን ካወጀ በኋላ፣ የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ ይህንኑ ተናግሯል፤ ከእንግዲህ ጳጳሳት የራሳቸው ኃላፊነት የሌላቸው የሮም መሣሪያዎች ናቸው የሚል ሰነድ ለመንግሥታት አሰራጨ። የጀርመን ጳጳሳት በ1875 በአንድ ቃል መለሱለት። ጳጳስ ሥልጣኑን ከሰው የተዋሰ ሎሌ እንዳልሆነ፣ በሀገረ ስብከቱ እውነተኛ እረኛ እንደሆነ አስረዱ። ሊጤን የሚገባው፣ ፒዮስ 9ኛ ራሳቸው የጳጳሳቱን መልስ አጸደቁት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ጳጳሳት የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እንደራሴዎች ተደርገው መታየት እንደሌለባቸው በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ በካቶሊክ ትምህርት ራሱ ሲመዘን፣ ወደ ሮም የሚወርዱት ጳጳስ ወንድም ዘንድ የሚሄዱ ወንድም ናቸው፤ ወንድማቸው ታላቅ ቢሆንም። የሮምን ታላቅነት የማይቀበል የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ በዚህ አዳራሽም ብዙ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ይህን ልዩነት ሊመዝነው ይችላል፤ በራሱ ቤት ያለው ሥልጣን ተጠያቂ የሚሆነው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ ለሁላችንም ይደርሰናልና። ክሱን ግን በትምህርት ብቻ መልሼ አላልፍም። መጽሐፉ ወንድም ያለውን ሰው አሠራሩ ሎሌ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህ የሚታወቀው በተግባር ነው።

ለዚህ ዶን ፔድሮ ካሳልዳሊጋ ምስክር ናቸው። ተወልደው ያደጉት በካታሎኒያ ነው፤ በ1971 በብራዚል የሳዎ ፌሊክስ ዶ አራጓያ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ መሬታቸውን በከብት እርባታ ባለጸጎች ለተነጠቁ ገበሬዎችና ለነባር ሕዝቦች ሲሟገቱ ኖሩ። ከተሾሙ ጀምሮ እስከ 1988 ድረስ የአድ ሊሚናን ግዴታ አልፈጸሙም። ጉዞው መንፈሱን አጥቶ የቢሮ ልማድ ሆኗል የሚል እምነት ነበራቸው፤ የውጭ ተወላጅ በመሆናቸውም ከብራዚል ከወጡ ወታደራዊው መንግሥት እንዳይመልሳቸው የሚያሰጋበት ዘመን ነበር። በ1986 ለዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሐሳባቸውን ዘርዝረው ጻፉ፤ በ1988 ሮም ሄዱ፤ ከቫቲካን ሹማምንት ጋር ስለ ትምህርታቸውና ስለ አቋማቸው ጠንካራ ጥያቄና መልስ አደረጉ፤ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ጋር ተገናኙ። ካሳልዳሊጋ በትችታቸው ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ በመቅረታቸው ግን አልስማማም። ቅሬታቸው ክብደት ያገኘው ፊት ለፊት የተነገረ ቀን ነው። ከአማዞን ዳር የተላከ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ሊተኛ ይችላል፤ ሰውየው በር ላይ ሲቆም ግን የሚሰማው ወይም የማይሰማው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመናችን ነው። በስልክ ፊት ለፊት በሚተያዩበት ጊዜ፣ ዘገባው በኢሜይል በሚደርስበት ጊዜ፣ ስለምን ድሃ ሀገረ ስብከት የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል? ወጪው እውነት ነው። ቀጠሮውም ቢሆን ሁልጊዜ አይጠበቅም፤ በዓለም ላይ ያሉት የካቶሊክ ጳጳሳት ከ5,000 በላይ ናቸው። የዩናይትድ ስቴትስ ጳጳሳት በ2011 እና በ2012 ከሄዱ በኋላ ተራቸው የደረሰው ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ ነው፤ አምስት የተባለው ዓመት ወደ ስምንት ተጠጋ። እኔ ግን የመቅረብን ዋጋ ያስተማሩን መቅረብ የተከለከሉት ናቸው እላለሁ። በቻይና በ1957 መንግሥት የሚቆጣጠረው የካቶሊኮች ማኅበር ከተቋቋመ ወዲህ የዋናው ምድር ጳጳሳት እንደ ሌሎቹ በየተራቸው ወደ ሮም መውረድ አልቻሉም። በኦክቶበር 2018 ከዚያ የመጡ ሁለት ጳጳሳት ለመጀመሪያ ጊዜ በሮም ሲኖዶስ ላይ ተገኙ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በመክፈቻው ቅዳሴ እነርሱን ሲቀበሉ ድምፃቸው በእንባ ተቆራረጠ። ያ እንባ ስለ ዘገባ አልነበረም። የወንድም መልክ ለማየት ከስድሳ ዓመት በላይ የጠበቀች ቤተ ክርስቲያን እንባ ነበር። ለቅሶ ቤት በስልክ ከመድረስና ሄዶ ከመቀመጥ የትኛው እንደሚያጽናና ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ ክርክሬን ሊያፈርስ የሚችል ማስረጃ እርሱ ነውና። በ2015 በቺሊ የኦሶርኖ ሀገረ ስብከት አዲስ ጳጳስ ተሾሙ። እኒህ ጳጳስ አንድ ዝነኛ ካህን በወጣቶች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ሲፈጽም እያዩ ዝም ብለዋል ብለው ጥቃቱ የደረሰባቸው ሰዎች ከሰሷቸው፤ እርሳቸው ክሱን አልተቀበሉም። ምዕመናኑ ሹመቱን ተቃወሙ። በፌብሩዋሪ 2017 የቺሊ ጳጳሳት በሙሉ ለአድ ሊሚና ሮም ነበሩ፤ መቃብሩን ተሳለሙ፣ ቢሮዎቹን ጎበኙ፣ ከፍራንቸስኮስ ጋር ተነጋገሩ፣ ተመለሱ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2018፣ ፍራንቸስኮስ ቺሊን ሲጎበኙ ክሱ ማስረጃ የሌለው ስም ማጥፋት ነው ብለው ተናገሩ። ቁጣ ነደደ። የማልታው ሊቀ ጳጳስ ሺክሉና እንዲያጣሩ ተላኩ፤ ምስክሮቹን ሰምተው 2,300 ገጽ የሚሆን ሰነድ ይዘው ተመለሱ። በኤፕሪል ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እውነተኛና ሚዛናዊ መረጃ ባለማግኘታቸው ከባድ የፍርድ ስሕተት መሥራታቸውን በደብዳቤ አመኑ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ከጥቃቱ ሰለባዎች ሦስቱን በቫቲካን በሚኖሩበት ቤት አስተናግደው ቀን ወስደው አዳመጧቸው። በሜይ የቺሊ ጳጳሳት ዳግመኛ ሮም ተጠሩ፤ በዚያ የተገኙት ሁሉ ከሥልጣናቸው ለመልቀቅ ጥያቄ አቀረቡ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚው፣ «ታዲያ የ2017ቱ ንግደት ምን ፈየደ?» ይላል። መልሴ ግልጽ ነው፦ ዋናውን እውነት ወደ ሮም አላደረሰም። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ተፈጽሟል፣ ጸሎቱም ዘገባውም አልጎደለም፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ግን በዓመቱ ቺሊ የደረሱት የተሳሳተ ነገር ይዘው ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ያቀናው ምን እንደነበረ ተመልከቱ። የተሻለ ፎርም ወይም አዲስ ቢሮ አላቀናውም። ተሰምተው የማያውቁ ሰዎች በአካል መጥተው፣ አብረው ተቀምጠው፣ ፊት ለፊት መናገራቸው ነው ያቀናው። ሦስቱ ሰለባዎች ያን ሰሞን ያደረጉት ጳጳሳቱ ማድረግ የነበረባቸውን ነበር፤ ከሩቅ መጥተው የቆሰለውን አሳዩ። ስለዚህ የቺሊ ታሪክ ንግደቱን አይሽረውም፤ ደጅ መሳለም ከደጅ መጥናት የሚለይበትን መሥመር በደንብ ያሰምረዋል። ጳጳስ የሚሄዱት የተሳካ ሥራ ለማሳየት ከሆነ፣ ያልተሳካው ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ የተበደለው ሰው፣ ከዘገባው ይወጣል። የሚሄዱት ሁለት ሰማዕታት ወደ ተቀበሩበት መሆኑን የማይረሱ ከሆነ ግን አንድ ነገር ያስታውሳሉ፤ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደ፣ ሌላው ምዕመናንን ያሳደደ ነበር፤ ሁለቱም ጥፋታቸው አልተደበቀም፣ እስከ ዛሬ ድረስ በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበባል። በእንዲህ ያለ መቃብር ፊት ዘገባ ማሳመር ከባድ ነው፤ ከባድም ሊሆን ይገባዋል። አስተናጋጁም ቢሆኑ ከዚህ መቃብር በላይ አይደሉም።

አሠራሩ ወደዚህ አቅጣጫ መለወጡን መመስከር ይገባል። ቀደም ሲል ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እያንዳንዱን ጳጳስ ለጥቂት ደቂቃ ለብቻ ያነጋግሩና በመጨረሻ ለሁሉም የተዘጋጀ ንግግር ያነቡ ነበር። ፍራንቸስኮስ የተጻፈውን ንግግር ወደ ጎን አድርገው ከቡድኑ ጋር ክብ ሠርተው ረጅም ሰዓት መወያየትን መረጡ። በኖቬምበር 2022 የጀርመን ጳጳሳት ሲመጡ ይህ ግልጽነት ተፈተነ። በ2019 የጀመሩት፣ «የሲኖዶስ ጉዞ» የተባለው የምክክር ሂደት በሮም ዘንድ ሥጋት አሳድሮ ነበር፤ የቫቲካን ከፍተኛ ካርዲናሎች ሥጋታቸውን በዝርዝር ነገሯቸው፣ ሂደቱ ለጊዜው ይቁም የሚል ሐሳብም ተነሣ፤ ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። ይህ ሁሉ በጋራ መግለጫ ለሕዝብ ወጣ። አንዳንዶች ይህን እንደ ውርደት፣ ሌሎች እንደ አመፅ አዩት። እኔ ጤንነት ነው እላለሁ፤ የአንጾኪያው ክርክር ያለ ኢየሩሳሌሙ 15 ቀን፣ የኢየሩሳሌሙም 15 ቀን ያለ አንጾኪያው ክርክር ሙሉ አይሆንም።

ከእኛ አካባቢም ምሳሌ ልጨምር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኩል የሚመጡ የአገራችን መነኮሳት ማረፊያ ነበር። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በሮም ያሳተሙት ከዚያ ሆነው ነው። እነዚያ መነኮሳት ግዴታ የሚያዝዝ ሕግ አልነበረባቸውም፤ ደጃፉን ሊሳለሙ ሄዱ፣ ይዘውት የሄዱት ቋንቋና እውቀትም ለአውሮፓ ትምህርት ሆነ። ከዚያ ወደ ሜይ 2014 እንለፍ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ከ1998 እስከ 2000 ከተዋጉ በኋላ ድንበሩ ዝግ ነበር፤ ቤተሰብ ለቤተሰብ መጠያየቅ አይችልም ነበር። የሁለቱ አገሮች የካቶሊክ ጳጳሳት ግን አንድ ጉባኤ ነበሩና በአንድነት ለአድ ሊሚና ሮም ወረዱ፤ በአንድ መቃብር ፊት ቆሙ። በጃንዋሪ 2015 የኤርትራ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በአስመራ መንበር ራሷን የቻለች ሆነች። መንግሥታቱ ሰላም የተፈራረሙት በ2018 ነው። ጉዞው ሰላሙን አመጣ አልልም፤ ያንን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። የምለው ይህን ነው፤ ሁለቱ ሕዝቦች እንዳይተያዩ በተፈረደበት ዘመን እረኞቻቸው አጠገብ ለአጠገብ ቆመው አንድ ቅዳሴ የቀደሱበት ደጃፍ ነበር። ይህን በኢሜይል መተካት አይቻልም።

በ2022 ፍራንቸስኮስ የቫቲካንን መሥሪያ ቤቶች ባደራጁበት ሕግ አድ ሊሚናን አጽንተውታል። በሜይ 2025 የተመረጡት ሊዮ 14ኛ ደግሞ ከ2015 እስከ 2023 የፔሩዋ ቺክላዮ ጳጳስ ነበሩ፤ ቀጥሎም የዓለምን ጳጳሳት ጉዳይ የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት መርተዋል። ዘገባ የመላክንም የመቀበልንም ወንበር ያውቁታል ማለት ነው። ግን የዘገባው እውነትነት በሮም ወንበር ላይ ብቻ አይወሰንም። ጳጳሱ የሚሸከሙት የምዕመናኑን ኑሮ ነው፤ የተዘጋውን ትምህርት ቤት፣ ካህን ያጣውን ቁምስና፣ ተበድሎ ዝም የተባለውን ልጅ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የካቶሊክ ምዕመናን ሆይ፣ ጳጳሳችሁ ለዚህ ንግደት የሚነሡበት ዓመት ሲቃረብ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ሂዱና ያለውን ሁሉ፣ የሚያሳፍረውንም ጨምራችሁ፣ ንገሯቸው። ዘገባው ተጽፎ የሚላከው ጳጳሱ ሻንጣቸውን ከማሰራቸው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ነው።